ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ

በጀርመን የመኖሪያ ሰፈሮች ምንም ምልክት የሌለባቸው መስቀለኛ መንገዶች ሞልተዋል። መብራት የለም፣ የ«ቁም» ሰሌዳ የለም፣ ትራፊክ ፖሊስም አይታይም። በሰፊው መንገድ ላይ መሆን ቅድሚያ አያሰጥም፤ ቀድሞ መድረስም አያሰጥም። ሕጉ አንድ ነው፦ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል፣ ከግራ የሚመጣው ይጠብቃል። ከቀኝ የሚመጣው የጭነት መኪናም ይሁን ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ ልዩነት የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ያሽከረከረ ሰው ጀርመን ሄዶ ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን ሊሰናከል የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። መሪ አያያዝ አይቸግረውም። ማርሽ ሲቀይር መኪናው አይንገጫገጭም። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መነሳትም ለእሱ ቀላል ነው። ነገር ግን ባዶ የሚመስለውን መስቀለኛ መንገድ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ወደ ቀኝም ሳያይ ያልፈዋል። ከቀኝ ማንም ባይመጣ እንኳን ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ፈታኝ ይህን ይመዘግባል። መኪና ከመጣና አጠገቡ የተቀመጠው አሰልጣኝ በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ለመርገጥ ከተገደደ ደግሞ ፈተናው እዚያው ላይ ያበቃል።

በሰው አገር መኪና መንዳት የሚማር ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዚያ በፊት መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሲሆን ሌላው አገር ቤት ሲያሽከረክር የኖረ፣ ምናልባትም እንጀራውን በመኪና ያገኝ የነበረ ነው። ጀማሪው ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ይቀበላል። ነባሩ ግን ገና ምልክቱን ሳያይ እግሩ የሚወስንለት ብዙ ነገር አለ፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው። በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝ፣ በሙኒክና በበርሊን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከል ሁለቱም ዓይነት ተማሪዎች ይገኛሉ። የሚጠብቃቸው ትምህርት ረጅምና ውድ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍሉ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ቀድሞ የተረዳ ሰው ከአገሩ ይዞት የመጣውን ልማድ መተው ይቀለዋል።

«እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ አለኝ» ማለት በጀርመን የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው በአገሪቱ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር በዚያው ካርድ ማሽከርከር ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ መሪ መጨበጥ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደመንዳት ይቆጠራል። ይህ ደግሞ እንደ ተራ የደንብ ጥሰት የሚታይ ጉዳይ ሳይሆን በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መኪናውን እያወቀ የሰጠው ባለቤትም አብሮ ይጠየቃል። ዘመድ ለዘመድ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ቁልፍ ማቀበል የተለመደ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን የሕጉን ክፍል ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ከስድስት ወሩ በኋላ የሚሆነው ነገር መንጃ ፈቃዱ በተሰጠበት አገር ይወሰናል። የጀርመን ደንብ አባሪ ሆኖ የወጣ የአገሮች ዝርዝር አለ። እንደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና እስራኤል ያሉ አገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ስላሉ የእነሱን መንጃ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ካርዳቸውን ያለ ፈተና ይቀይራሉ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ተካተዋል። ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና መውሰድ ግዴታው ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያድን አንድ ነገር አለ። ሕጉ ለጀማሪ የሚያዝዘው የግዴታ የትምህርት ሰዓት የውጭ መንጃ ፈቃድ በእጁ ያለውን ሰው አይመለከተውም። ፈተናዎቹን በአሰልጣኝ ትምህርት ቤት በኩል መውሰድ አለበት፤ ሆኖም ስንት ሰዓት እንደሚለማመድ የሚወሰነው በችሎታው ነው። በመሆኑም በትምህርት ቤቱ በሚመዘገብበት ቀን፣ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ የኢትዮጵያውን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ማሳየትና ይህን መብት በግልጽ ማንሳት አለበት።

ለጀማሪው ነገሩ ሌላ ነው። ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ዓይኑን ይመረመራል፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሚወስድ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ያለው የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ኮርስም ይወስዳል። እነዚህ ሁለቱ ነባሩንም አሽከርካሪ ይመለከቱታል። በአደጋ ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ሌላ አሽከርካሪ ስለሆነ፣ የወደቀን ሰው እንዴት በጎኑ እንደሚያስተኛ፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ ደረትን እንዴት እንደሚጫን ማወቅ የመንዳት ትምህርት አካል ተደርጎ ተወስዷል። ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው። ኢትዮጵያም ብትወስደው የሚያኮራት ይሆናል።

ቀጥሎ የክፍል ትምህርት ይመጣል። ለተራ የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሆነ 14 ክፍለ ጊዜ መከታተል ያስፈልጋል። ጀርመን መንዳትን በትምህርት ቤት የማስተማር ልምዷ ረጅም ነው። ካርል ቤንዝ በሠራው መኪና መንገድ ላይ እንዲወጣ ከመንግሥት የጽሑፍ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር። ሩዶልፍ ኬምፕፍ የተባለ ሰው ደግሞ ከፍራንክፈርት ብዙም በማትርቀው አሻፈንቡርግ ከተማ የአገሪቱን የመጀመሪያ የአሽከርካሪዎች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1904 ከፈተ። ዛሬም በሕዝብ መንገድ ላይ ማስተማር የሚችለው ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ ብቻ ነው፤ መኪናውም በአሰልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፔዳል የተገጠመለት መሆን አለበት። አሜሪካ ያሉ ወገኖች «ፐርሚት» የሚባለውን የተለማማጅ ፈቃድ አውጥተው ከወንድማቸው ወይም ከጓደኛቸው ጋር ቅዳሜና እሁድ እንደሚለማመዱት ዓይነት ነገር በጀርመን መንገድ ላይ የማይታሰብ ነው።

ለጽሑፍ ፈተናው የተዘጋጀው የጥያቄ ባንክ ከ1000 በላይ ጥያቄዎች አሉት። ለተፈታኙ የሚደርሱት 30 ናቸው። የአንዳንዱ ጥያቄ ስህተት ሁለት ነጥብ፣ የአንዳንዱ እስከ አምስት ነጥብ ያስቆጥራል፤ ከ10 በላይ የስህተት ነጥብ ያመጣ ይወድቃል። አምስት ነጥብ የሚያስቆጥሩ ሁለት ጥያቄዎችን የሳተም ድምሩ ገና 10 ቢሆን እንኳን ይወድቃል፤ ምክንያቱም አምስት ነጥብ የሚሰጠው ቅድሚያን ለመሳሰሉ የሰው ሕይወት የሚጠፋባቸው ጉዳዮች ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ጥያቄ ሁለት ወይም ሦስት ትክክለኛ መልስ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱን ትክክለኛ መልስ ሳይመርጡ መቅረት ጥያቄውን በሙሉ እንደመሳት ነው። ተንቀሳቃሽ ምስል እያሳዩ የሚጠይቁም አሉ። በቅርብ ዓመታት ከ10 የጽሑፍ ፈተናዎች 4 ያህሉ በመውደቅ የሚያልቁ ሲሆን፣ ከወደቁት ብዙዎቹ በቋንቋቸው የተፈተኑ የአገሪቱ ተወላጆች ናቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወደቀ ስደተኛ ራሱን ሰነፍ አድርጎ ሊቆጥር አይገባም።

ከጥያቄዎቹ መካከል ለማንኛውም አሽከርካሪ፣ የትም ይኑር የት፣ የሚጠቅም የሒሳብ ትምህርት አለ። በሰዓት የሚነዳበትን ፍጥነት ለ10 አካፍሎ በ3 ሲያባዛ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ድረስ መኪናው የሚሄደውን ርቀት በሜትር ያገኛል። ያንኑ ፍጥነት ለ10 አካፍሎ በራሱ ሲያባዛ ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደውን ያገኛል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለቱ 9 እና 9፣ በድምሩ 18 ሜትር ናቸው። በ50 ፍጥነት 15 እና 25፣ በድምሩ 40 ሜትር ይሆናሉ። በ100 ፍጥነት 30 እና 100፣ በድምሩ 130 ሜትር።

አሁን አንድ ልጅ ከቆሙ መኪኖች መካከል ኳስ ተከትሎ ብቅ አለ እንበል፤ ርቀቱ 20 ሜትር ነው። በ30 ይመጣ የነበረው አሽከርካሪ ልጁ ጋ ሳይደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው ይቆማል። በ50 ይመጣ የነበረው ግን ፍሬኑ ገና መያዝ ከጀመረ አምስት ሜትር ሳያልፍ ልጁን ያገኘዋል። የጀርመን ሰፈሮች ለምን በ30 ምልክት እንደተሞሉ፣ ፈታኙም በ38 የሚሄደውን ተማሪ ለምን እንደማይታገሠው ይህ ስሌት ያስረዳል። ቁጥሩን በቃሉ የሸመደደ ሰው የጽሑፍ ፈተናውን ያልፋል፤ የቁጥሩ ትርጉም የገባው ግን ሰፈር ውስጥ ሲገባ እግሩ ነዳጁን በራሱ ይቀንሳል።

ስሌቱ ግን በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጠየቀው? የጀርመን የጽሑፍ ፈተና ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ከእነዚህም መካከል እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቱርክኛ፣ ሩሲያኛና ፖላንድኛ ይገኛሉ። ዐረብኛ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ነው፤ ከሶርያ ብዙ ሕዝብ በተሰደደ ማግሥት መሆኑ ነው። አማርኛ የለም፤ ትግርኛም የለም። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። እንግሊዝኛው የማይበቃው ግን በጀርመንኛ ለመፈተን ይገደዳል፤ የጀርመንኛው ፈተና ደግሞ ገበያ ላይ የሚሰማው ቀላል ጀርመንኛ አይደለም። የአረፍተ ነገሩ ግሥ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንድ አፍራሽ ቃል መልሱን ይገለብጠዋል፤ የተሽከርካሪ ክፍሎችና የመንገድ ዳር ዕቃዎች ስም በዕለት ተዕለት ንግግር የማይገኝ ነው። መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ምን እንደሆነ ስላልገባው ብቻ ይወድቃል።

ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል፤ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውንም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። 25 ጥያቄ ይቀርባል፤ 20ውን የመለሰ ያልፋል። ብሪታንያ በተቃራኒው ሄዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ በውጭ ቋንቋ መፈተንን ሙሉ በሙሉ አቁማለች። ጀርመን ከሁለቱ መካከል ናት፤ ለዐረብኛ የከፈተችውን በር ለአማርኛና ለትግርኛ የማትከፍትበት አጥጋቢ ምክንያት የለም። የመንገድ ምልክቱ የተጻፈበትን ቋንቋ ማወቅ ለደኅንነት አስፈላጊ ነው የሚለው ክርክር ሚዛን ቢኖረውም፣ የመንገድ ፈተናው በጀርመንኛ ብቻ ስለሚሰጥ ያ ችሎታ እዚያ ይመዘናል። የሕጉን ይዘት መረዳቱ ግን አንድ ሰው በሚገባ በሚያነብበት ቋንቋ ቢፈተሽ መንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ ይበጃል። የማኅበረሰብ ማኅበራት ይህን ጥያቄ ተደራጅተው ቢያቀርቡት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

እስከዚያው ድረስ ያለው አማራጭ ጥያቄዎቹን በሁለት ቋንቋ ማጥናት ነው። በጀርመንኛ የሚፈተን ሰው ቃላቱን ከምስሎቹ ጋር እያያዘ በአማርኛ ማስታወሻ ቢጽፍ፣ ያለፈውም ለአዲሱ ቢያወርስ ድካሙ በእጅጉ ይቀንሳል። የጥያቄ ባንኩ በየጊዜው ስለሚሻሻል ግን የሁለት ዓመት ማስታወሻ ብቻውን አይበቃም። ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር የጽሑፍ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ12 ወር መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመንገዱን ፈተና ያላለፈ የጽሑፉን እንደገና ይወስዳል። ለሥራ ፈረቃ ብሎ ወይም ገንዘብ እስኪያጠራቅም ልምምዱን ያቆመ ሰው ያለፈው ፈተና ሊቃጠልበት ይችላል።

መንገድ ላይ ሲወጣ ለጀማሪ ሕጉ ቢያንስ 12 ልዩ የልምምድ ጉዞ ያዛል፤ አምስቱ ከከተማ ውጭ ባሉ መንገዶች፣ አራቱ አውቶባን በሚባለው የፍጥነት መንገድ፣ ሦስቱ በጨለማ። እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ናቸው። ከዚያ በፊት የሚደረገው መሠረታዊ ልምምድ በሰዓት አልተገደበም፤ ተማሪው እስኪችል ይቀጥላል።

በመሠረታዊው ልምምድ አሰልጣኞች ያለ ድካም የሚደጋግሙት ነገር ትከሻ አልፎ ማየት ነው። ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ፤ ብስክሌት የሚደበቀው እዚያ ነው። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ የተዘጋጀ አሽከርካሪ በስተቀኙ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ብስክሌትና የሚገባበትን መንገድ ለሚያቋርጥ እግረኛ ቅድሚያ መስጠት ግዴታው ነው። መስተዋቱን አይቶ ፍሬቻ አሳይቶ አንገቱን ሳያዞር የታጠፈ ሰው፣ ማንንም ባይነካ እንኳን፣ በፈታኙ ዓይን አልተማረም። ብስክሌት ለመቅደምም በከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከከተማ ውጭ ሁለት ሜትር ርቀት መተው ያስፈልጋል፤ ቦታ ከሌለ ከኋላው በዝግታ መከተል ነው። የኋላ መኪና ጡሩንባ አይነፋም። ጡሩንባ በጀርመን አደጋን ለማስጠንቀቅ የተፈቀደ ነው፤ «ሂድ እንጂ» ለማለት አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ ከግራና ከቀኝ ሲገባበት በጡሩንባ እየተነጋገረ የኖረ ሾፌር ይህን ዝምታ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

አውቶባን ደግሞ የራሱ ትምህርት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብዙዎች የዚህ ዓይነት መንገድ የመጀመሪያ ልምድ ነበር፤ ያም ቢሆን እያንዳንዱ ክፍሉ የፍጥነት ወሰን አለው። በጀርመን ግን የወሰን ምልክት በሌለባቸው የአውቶባን ክፍሎች 130 የሚመከር ፍጥነት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። አንድ መኪና በ120 የጭነት መኪና ሊቀድም ወደ ግራ ሲወጣ፣ ሩቅ መስሎ የታየው መብራት በ200 እየመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው መስተዋት ውስጥ ያለው መኪና ምን ያህል በፍጥነት እያደገ እንደሚመጣ መገመት ይማራል። በቀኝ በኩል መቅደም የተከለከለ ነው፤ ቀድሞ የጨረሰም ወደ ቀኝ ይመለሳል። ሲገባበት የሚሠራው ስህተት ደግሞ ፍርሃት የሚወልደው ነው። መግቢያው መስመር ላይ ፍጥነት ሰብስቦ ከሌሎቹ ጋር ተካክሎ መግባት ሲገባ፣ ፈሪው ተማሪ በ60 ይገባና ከኋላው የሚመጣውን የጭነት መኪና ፍሬን ያስረግጠዋል። አሰልጣኝ «ነዳጅ ስጥ!» ብሎ የሚጮህበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

መኪኖች ሲጨናነቁና መንገዱ ሲዘጋ የሚሆነውን ያየ ስደተኛ መገረሙ አይቀርም። ገና አምቡላንስ ሳይሰማ፣ መኪኖቹ በዝግታ መሄድ ሲጀምሩ፣ በግራ ጥግ ያለው ረድፍ ወደ ግራ፣ የቀሩት ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። መካከሉ ላይ ለነፍስ አድን መኪና የሚበቃ መተላለፊያ ይከፈታል። አደጋ የደረሰበት ሰው ሊድንም ሊሞትም የሚችለው በዚያ ክፍተት ነው። መተላለፊያውን የዘጋ ወይም በእሱ ተጠቅሞ ቀድሞ ለማምለጥ የሞከረ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ይህ ልማድ በአንድ ቀን አልመጣም፤ በትምህርት፣ በቅጣትና በተደጋጋሚ ማስታወቂያ የተገነባ ነው፤ ዛሬም የሚጥሱት ጀርመናውያን ጥቂት አይደሉም።

የመንገዱ ፈተና 55 ደቂቃ ይወስዳል። አሰልጣኙ ከፊት፣ ፈታኙ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ፈታኙ የሚመጣው እንደ ቲዩፍ ወይም ደክራ ካለ ነፃ የቴክኒክ ድርጅት እንጂ ከትምህርት ቤቱ አይደለም። ትዕዛዙ አጭር ጀርመንኛ ነው፤ «በሚቀጥለው ወደ ግራ»፣ «ከመኪኖቹ መካከል አቁም»። ምንም ካልተባለ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። በዚህ ጊዜ ጀርመንኛው የደከመ ተማሪ መመሪያውን ባይሰማ «ይድገሙልኝ» ማለት ይችላል፤ የተሳሳተ አቅጣጫ በጥንቃቄና በሕጉ መሠረት መያዝም ለብቻው አያስወድቅም። ይህን የማያውቁ ሰዎች የተባሉትን መንገድ ላለማለፍ ሲሉ በመጨረሻው ሰከንድ ረድፍ ይቀይሩና ፈተናውን በዚያ ያጡታል።

አራት መኪኖች ከአራት አቅጣጫ እኩል ወደ አንድ ምልክት የሌለው መስቀለኛ ቢደርሱስ? እያንዳንዱ በቀኙ መኪና ስላለ ሁሉም መጠበቅ አለበት። ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስምምነት ነው። አንዱ በእጁ ምልክት ለሌላው መብቱን ይለቅቃል፤ ከዚያ ተራው ይፈታል። የጀርመን የመንገድ ሕግ የመጀመሪያው አንቀጽ የማያቋርጥ ጥንቃቄንና እርስ በርስ መተሳሰብን የሚያዝዝ ነው፤ ፈታኞችም ሲመዝኑ ይህን ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው ሾፌር ብልጫ ሊኖረው ይችላል። በዓይንና በእጅ ተነጋግሮ መንገድ መለቃቀቅ ድሮም የሚያውቀው ነው።

ዋጋው የብዙ ሰው ወገብ የሚያጎብጥ ነው። ጀማሪ ሆኖ መመዝገቢያውን፣ የክፍሉን ትምህርት፣ ልምምዱንና ፈተናዎቹን ሲደምር ከ3000 ዩሮ በላይ ማውጣት ዛሬ የተለመደ ሆኗል። 45 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ልምምድ በብዙ ከተሞች 60 ዩሮና ከዚያ በላይ ያስከፍላል። የጽሑፍ ፈተናው ክፍያ 25 ዩሮ ገደማ፣ የመንገዱ 130 ዩሮ ገደማ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ለፈተናው ቀን የሚጠይቀው ለብቻው ነው። የወደቀ የወደቀበትን ፈተና ክፍያ ደግሞ ይከፍላል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ መቅረብ ገንዘብ መቆጠብ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲመረጥም የሰዓቱን ዋጋ ብቻ ማየት አያዋጣም፤ የምዝገባው ክፍያ፣ የፈተናው ቀን ክፍያና ተራ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ በአንድነት መመዘን አለባቸው። በየከተማው ካሉ አሰልጣኞች መካከል እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ የሚናገሩ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ለምንድን ነው? በትልልቅ ከተሞች ባቡርና አውቶቡስ ሞልቶ ሳለ መኪና ትርፍ ይመስላል። ሥራው ግን መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ የሚንከባከቡ ነርሶችና ረዳቶች በድርጅቱ ትንሽ መኪና ከደጅ ደጅ ይንቀሳቀሳሉ፤ በዚህ ዘርፍ ማስታወቂያዎች ላይ መንጃ ፈቃድ በተደጋጋሚ የሚጠየቅ መስፈርት ነው። ዕቃ ማድረስ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የሌሊት ፈረቃ ያለው ፋብሪካ ሁሉም እንዲሁ። ትንሽ ከተማ ወይም ገጠር የተመደበ ስደተኛ ደግሞ በሰዓት አንዴ በሚመጣ፣ እሁድ ጭራሽ በማይመጣ አውቶቡስ ላይ ኑሮውን መመሥረት ይከብደዋል። ልጅ ያላት እናት መንጃ ፈቃድ ስታገኝ የቤተሰቡ ገቢም፣ የልጆቹ የውሎ ቦታም፣ የእሷ ነፃነትም አብሮ ይለወጣል። በቅድሚያ ባል ይማር የሚለው ልማድ ቤተሰብን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፤ የነርስ ረዳትነት ሥራ በቀላሉ የምታገኘው ሚስት ሆና ሳለ ገንዘቡ ለእሱ ትምህርት ሲውል፣ የሚቀረው ደመወዝ የሁለቱም ነው።

ማርሽ ያለው መኪና የሚያስፈራቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ወዲህ እፎይ ብለዋል። ቀድሞ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው አውቶማቲክ ብቻ እንዲነዳ ይገደድ ነበር። አሁን ከትምህርት ቤቱ ጋር ቢያንስ 10 የማርሽ ልምምድ ካደረገና አሰልጣኙ በሚያደርግለት የ15 ደቂቃ ፍተሻ ከበቃ፣ የመንግሥቱን ፈተና በአውቶማቲክ ወስዶ ሁለቱንም ዓይነት የመንዳት መብት ያገኛል። ፈተናው ላይ ዓይኑን መንገዱ ላይ ማድረግ ለሚገባው ተማሪ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። አገር ቤት በማርሽ የነዳ ሰው በለመደው መፈተን ይሻለው ይሆናል።

የመንገዱን ፈተና ያለፈ ሰው የሚቀበለው የአውሮፓ ኅብረት ካርድ ለ15 ዓመት ያገለግላል፤ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ ያስነዳል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የነበረው ሰው ካርዱን የሚወስደው የኢትዮጵያውን አስረክቦ ነው። ጀማሪው የሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልኮል ጠጥቶ መንዳት አይችልም። ቀይ መብራት መጣስ፣ ቅድሚያ መከልከል ወይም እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ የሙከራውን ጊዜ ወደ አራት ዓመት ያራዝመዋል፤ በራሱ ወጪ ተጨማሪ ኮርስ እንዲወስድም ያስገድደዋል። ለነባሩ አሽከርካሪ ግን መንጃ ፈቃዱን አገር ቤት ካወጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ በሙከራው ላይ ይታሰብለታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መንጃ ፈቃድ ይዞ የቆየ ሰው ጀርመን ሲያልፍ የሙከራ ጊዜውን እንደጨረሰ ይቆጠርለታል። ማመልከቻውን ሲያስገባ የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ የወጣበት ቀን በግልጽ የሚነበብበትን ማስረጃ፣ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር፣ ማያያዝ ያለበትም ለዚህ ነው። ካርዱ ላይ የሚታየው የመጨረሻ እድሳት ቀን ብቻ ከሆነ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከሰጠው የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ይኖርበታል፤ ጀርመን ከገባ በኋላ ያንን ወረቀት በዘመድ በኩል ማስወጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ስድስት ወሩ ደግሞ አይጠብቅም።